አትነሳ ያልንባቸው ቀናት

ወንድሜን ከሆስፒታል ያስወጣነው ቅዳሜ ዕለት ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ሰው ነገሩን ሲያወራ "ቤተሰቡ አስወጣው" ነው የሚለው፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም እላለሁ። ቤተሰቡ መወሰኑ እውነት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእኔ ነው።

ያን ቀን ቤታችን ደስታ ነበር። አሁን ሳስታውሰው የሚያስፈራኝም ያ ደስታ ነው። ባጃጁ በራችን ላይ ሲቆም ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። አጎቴና አንድ ጎረቤታችን ወንድሜን በፕላስቲክ ወንበር ላይ እንዳስቀመጡት ተሸክመው አስገቡት። "ሙሽራው ገባ!" አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ ሳቅ ሆነ። ከባጃጁ እስከ አልጋው ድረስ እግሩ አንዴም መሬት አልነካም። እንዳይነካ ሁሉም ይጠነቀቅ ነበር። ከአስራ ሦስት ቀን በኋላም በዚያው በር ተሸክመን አወጣነው።

ወንድሜ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። መቂ ውስጥ የሽንኩርት ደላላ ነበር፤ የገበሬውን ሽንኩርት ከአዲስ አበባ ነጋዴ ጋር ያገናኝና መኪና ላይ ያስጭናል። ጥላ ሥር ቆሞ የሚያዝ ዓይነት አልነበረም። ራሱ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ገመዱን ያጠብቃል። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቤቱን የያዘው እሱ ነው፤ እኔን ያስተማረኝም እሱ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ባላመጣሁ ጊዜ እንኳ አልተቆጣኝም። "ምሁሩ" የሚል ስም አወጣልኝና ጫኞቹ ፊት ሳይቀር በዚያ ይጠራኝ ጀመር። እኔ "ጋሼ" ነበር የምለው።

በዚያ ሰሞን ከአቦምሳ ልጅ አጭቶ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰቧ እሺ ብሎ፣ የኒካህ ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር የቀረው።

ከጭነት መኪናው ላይ ወደቀ። ሲጎትተው የነበረው ገመድ ተበጠሰና በጀርባው ሄደ። የጭኑ አጥንት ነው የተሰበረው። አዳማ ወሰድነው፤ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ አጥንቱ ውስጥ ብረት ገባለት። ቀዶ ጥገናው ምንም እንከን አልነበረበትም። ለቅሶ ላይ "ብረቱ ነው የገደለው" የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። ብረቱ አልገደለውም።

በአምስተኛው ቀን ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም አልጋው አጠገብ ቆመ።

"የእኔ ሥራ እዚህ ላይ አለቀ" አለን። "የቀረው እግሩን መልሶ ማለማመድ ነው። እሱን ከእኛ ይልቅ ከተማችሁ ያለው ሆስፒታል ይሠራዋል። እዚያ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት ሳምንት ይተኛ። ቤት እንዳትወስዱት።"

እናቴ ቅር አላት። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ "እዚያ? ልጆች የሚከተቡበት?" አለች። አጎቴ ደግሞ "አልጋ ጠቧቸው ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም" አለ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ከትልቅ ሆስፒታል ወደ ትንሽ ሆስፒታል መሄድ ወደ ታች መውረድ ነው ብለን ነበር የምናስበው።

የከተማችን ሆስፒታል ፎቅ እንኳ የለውም። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ሰፋ ያለ ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ ሕመምተኛ ይዟቸው የሚለማመድባቸው ሁለት ረጃጅም ብረቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የከተማው በያጅ ከውሃ ቧንቧ የሠራቸው ናቸው። ጥጉ ላይ የትም የማያደርስ ባለ ሦስት ደረጃ እንጨት አለ። ይወጡታል፣ ይወርዱታል፣ በቃ።

ክፍሉን የያዘችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወጣት የአርሲ ልጅ ናት። ሁሉም "ሲስተር" ይላታል። በመጀመሪያው ቀን ስለ አጥንቱ ትጠይቀናለች ብዬ ስጠብቅ ስለ ሽንት ቤታችን ጠየቀችን።

"ከአልጋው እስከ ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ይሆናል?"

"ሃያ… ሠላሳ" አልኩ።

"መቀመጫ አለው ወይስ ቁጢጥ ነው?"

"ቁጢጥ።"

"በሩ ላይ ደፍ አለው? አልጋችሁስ ከፍ ያለ ነው ዝቅ ያለ? የግቢው መሬት አፈር ነው ሲሚንቶ?"

ወንድሜ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሳቀ። "ሲስተር፣ ቤቱን ልትከራዪው ነው እንዴ?"

"አንተን ልመልስበት ነው" አለችው።

ይህ ነገር የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። አዳማ ያሉት ሐኪሞች አጥንቱን አውቀውታል። እሷ ደግሞ ቤታችንን አወቀችው። እኛ ሰፈር ያሉት ቤቶች ምን እንደሚመስሉ፣ ዝናብ ሲዘንብ ግቢው እንዴት እንደሚያዳልጥ፣ ሰው ለሶላት እንዴት እንደሚያጎነብስ ታውቃለች። ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዴት እንደሚሰግድ ያሳየችው እሷ ናት፤ ኢማማችንን ጠይቃ እንደመጣችም ነገረችው። ለሽንት ቤት የሚሆን መሀሉ የተበሳ ወንበር አምጥታ እንዴት እንደሚቀመጥና እንደሚነሳ አለማመደችው። እሱ በሀፍረት ሊሞት ደርሶ ነበር። እሷ ግን ልክ መኪና መንዳት እንደምታስተምር ሰው ፊቷ አይለወጥም። እናት ወይም እህት እንዲህ ያለውን ነገር ማስተማር አትችልም። ማን ይችላል?

አጠገባችን ዳሌያቸው የተሰበረ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ያወራሉ። ብረቱን ይዘው ሲሄዱ ወንድሜን ማብሸቅ ይወዱ ነበር።

"ደላላው! ሽንኩርቱ በሰበሰ እኮ፤ ተነሳ እንጂ!"

"አባቴ፣ እርስዎ ቀድመው ይሂዱ፤ እኔ ዋጋ እየጠበቅኩ ነው።"

"ሴት አጭተሃል አሉ። በከዘራ ልትጨፍር ነው? ጀባዱ! በርታ!"

"እርስዎስ ሊያገቡ ነው እንዴ እንደዚህ የሚሮጡት?"

"አሮጊቷ ትስማህና ሌላኛውን ዳሌዬን ትስበረው!"

ሲስተሯ ጀርባዋን አዙራ ትስቃለች። ከዚያ ዞራ "ሱታ፣ ቀስ" ትላለች፤ ሁለቱም ዝም ብለው ይሄዳሉ።

ማታ ማታ ነርሷ ሆዱ ላይ ትንሽ መርፌ ትወጋዋለች። ደም እግሩ ውስጥ እንዳይረጋ ነው አሉን። ሰው ሲተኛ ደሙም ይተኛል አለች ነርሷ። እንዲህ ነበር ያለችው፤ ቃሉን አልረሳሁትም።

በስምንተኛው ቀን ወንድሜ በዎከር፣ ማለት ያቺን አራት እግር ያላትን የብረት መደገፊያ ይዞ፣ ከክፍሉ ወጥቶ ግቢው ውስጥ እስካለው ኒም ዛፍ ድረስ ሄደና ተመለሰ። ላብ በላብ ሆኖ ነበር። "ምሁሩ፣ አየኸኝ?" አለኝ። አየሁህ አልኩት። ስምንት ቀን ብቻ ነው። እየዳነ ነበር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ችግሩ የመጣው በበሩ በኩል ነው።

ሆስፒታሉ ጠያቂ የሚያስገባው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፣ ያውም ሁለት ሁለት እየሆነ። ወንድሜ ደግሞ ሰው ያለው ሰው ነው። ከአዳማ፣ ከቆቃ፣ ከዝዋይ፣ ሽንኩርት የጫነበት መንገድ ሁሉ ወዳጅ አለው። ጠዋት የመጣ ከበር ይመለሳል። የተመለሰ ሁሉ ወደ ቤታችን ይሄድና እናቴን ያገኛታል። በስምንተኛው ቀን አጎቴ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

"ከቆቃ ድረስ ተሳፍረው የመጡ ሦስት ሰዎች ከዘበኛ ጋር ተጨቃጭቀው ሄዱ" አለ። "ሰው ምን ይላል? ልጃቸውን ሆስፒታል ጥለው ቤታቸው ተቀመጡ ነው የሚለው። ቤት የለውም? እናት የለውም?"

"ገና ነው እኮ ያሉት" አልኩ።

"ምኑ ነው ገና? ቁስሉ ደርቋል። መሄድ ጀምሯል። ከዚህ በኋላ የሚሠሩለት ምንድን ነው? ማራመድ ነው። ማራመድ እኛ ያቅተናል?"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። "ምሁሩ፣ አንተ ምን ትላለህ?"

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። ደክሞኝ ነበር። ስምንት ቀን ምንጣፍ ላይ፣ አልጋው ሥር ነበር የተኛሁት። ጓደኞቼ ናፍቀውኝ ነበር። ቤት ከገባን ሌላ ሰው ይረዳኛል ብዬ አሰብኩ። ስለ እግሩ አላሰብኩም።

"እንውጣ" አልኩት።

ሲስተሯ አስር ቀን ብቻ ስጡኝ አለች። ለአጎቴ "አስር ቀን ብቻ፣ ከዚያ ራሴ ቤት አደርስልዎታለሁ" አለችው። አጎቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ ልጄ፣ ብዙ ደክመሻል" አላት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ብሎ ከመረቀ ሰው ጋር ክርክር አይቀጥልም። እሷም አልቀጠለችም። እኔን ወደ ጎን ጠራችኝ።

ወረቀት ሰጠችኝ። በእጇ የሳለቻቸው የሰው ምስሎች ነበሩበት፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይነሳ፣ በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅስ፣ በየቀኑ እየመጣ መርፌውን ይወጋ። ዎከሩንም አዋሰችን። ከታች በቀይ እስክሪብቶ ሌላ ጻፈች። ጎንበስ ብላም የእኔን ባት በሁለት ጣቷ ያዘችው።

"ይቺ ቦታ። ይቺ ካበጠች፣ ከሞቀች፣ ካመመችው፣ ወይ ትንፋሽ ካጠረው፣ በዚያው ሰዓት አምጣው። ነገ የሚባል ነገር የለም። እንግዳ አለ አይባልም። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"ቤት ውስጥ እኔ ማለት አንተ ነህ።"

ከዚያ ፈረምኩ።

እሑድ ጠዋት ሁለት ጊዜ አስነሳሁት። እስከ ግቢው በር ሄደ። ከዚያ ጠያቂ መጣ።

የእኛን አገር ጥየቃ ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። ሰው ይገባል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ሰላምታ ይሰጣል። ወንድሜ ሰላምታውን ሊቀበል ከትራሱ ቀና ሲል ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። "አትነሳ! በአላህ አትነሳ! በሞቴ!" ወንድሜም ይተኛል። እንግዳው ዱዓ ያደርጋል፣ ይቀመጣል፣ አደጋው እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል፤ እናቴ ከመጀመሪያው ጀምራ ትናገራለች። ሳይጨርሱ ሌላ ሰው ይገባል። "አትነሳ! አትነሳ!" በአንድ ቀን ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንሰማው ነበር? ቃሉ ፍቅር ነው። ማንም በክፋት አላለውም።

ወንድሜ ደግሞ ሰው ፊት ዎከሩን መያዝ አይፈልግም። "ዘመድ እያየኝ እንደ ሕፃን ልንፏቀቅ?" ይለኛል በጆሮዬ። "ሲሄዱ።" አይሄዱም። የሄዱት ሲሄዱ ሌሎቹ ደርሰዋል። ዎከሩን ለመቀመጫ ቦታ እንዲገኝ ብለን ጓዳ አስገባነው።

ማክሰኞ ዕለት ጨክኜ እንግዳ እያለ ብድግ አልኩ። ዎከሩን ከጓዳ አወጣሁና "ጋሼ፣ ሰዓትህ ደርሷል" አልኩት። ብብቱን ደግፌ ላነሳው ስል አንዲት ጎረቤታችን፣ እናቴን እንደ እህት የምታያት ሴት፣ ደረቷን መታች።

"ምነው ልጄ! በሰማንያ ስፌት የተያዘ ሰው ታስነሳለህ? አስራ ሁለተኛ ክፍል ይህን ነው ያስተማሩህ?"

ቤቱ ሳቀ። ስፌቱ ሰማንያ አልነበረም። ወንድሜም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዎከሩን መልሼ ጓዳ አስገባሁና ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ እንግዳ ፊት አላስነሳሁትም። እንግዳ ያልነበረበት ሰዓት ደግሞ አልነበረም።

እናቴ የምታበላው እንደ አራስ ነው። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ማር፣ ደግሞ አጥሚት። "እማ፣ አራስ አደረግሽኝ እኮ" አላት አንድ ቀን። "ልጁን ግን ከየት ነው የማመጣልሽ?" ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ሳቃቸው ሲያልቅ ፊቱን አየሁት፤ ደክሞት ነበር። ተኝቶ የሚደክመው ሰው ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ለመርፌው በባጃጅ አራት ቀን ወሰድነው። በአምስተኛው ቀን ልንወጣ ስንል ከአዳማ ሙሉ ሚኒባስ ሰው መጣ። ነገ ተባለ። በነጋታው ከሚኒባሱ የቀሩት መጡ። ከዚያ በኋላ መርፌውን ያነሳው ሰው የለም። እኔም አላነሳሁትም። ወረቀቱ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ገባ። ረቡዕ ጠዋት ለሶላት ውዱዕ ላስደርገው መታጠቢያና ጆግ ይዤ ቀረብኩ። ሱሪውን ከፍ አድርጌ መጀመሪያ ደህናውን እግር አጠብኩ። ከዚያ የታመመውን ያዝኩ። ባቱ ከሌላው ወፍሯል። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እግሩ ግን ከእጄ ሥር ይሞቅ ነበር። በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ጎድጉዶ ቀረ።

"ጋሼ፣ ይሄ አብጧል።"

"ዝም በል፣ እማ ትሰማለች።"

ያቺው ጎረቤታችን አጠገባችን ነበረች። አንገቷን አስግጋ አየችና ፊቷ በራ። "ማሻ አላህ! እግሩ ሞላ! የእናት እጅ እኮ እንዲህ ነው!" አለች። እናቴ ሮጣ መጣች፣ አየች፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች። እንግዳ ሁሉ እየተነሳ አየ። ሞላ፣ ወፈረ፣ ደሙ ተመለሰ አሉ። አንድ ሽማግሌ ጨብጠው እያዩ "አሁንማ ድኗል" አሉ።

ወንድሜ ጠቀሰኝ። "ሰማህ ምሁሩ? ሞልቷል።"

ሰዎቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ቀዩን ጽሑፍ አሳየሁት። አነበበው። ሁለት ጊዜ መሰለኝ ያነበበው። ከዚያ አጥፎ መለሰልኝ።

"አርብ የልጅቷ አባት ከአቦምሳ ይመጣሉ" አለኝ። "መጥተው ሆስፒታል አልጋ ላይ ያግኙኝ? ድኛለሁ ብዬ ነው የላክሁባቸው። ልጄን ለአካለ ስንኩል ልሰጥ ነው ወይ ብለው ቢመለሱስ? አርብ ይለፍ። ቅዳሜ በማለዳ ውሰደኝ።"

"በዚያው ሰዓት ነው ያለችው።"

"ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን ምን ያመጣል?"

ምን እንደሚያመጣ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም ነበር። ቢጻፍ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ግን ይህ ሰበብ ነው። ለአጎቴ መናገር እችል ነበር። መንገድ ወጥቼ ባጃጅ መጥራት እችል ነበር። እሺ አልኩት።

ሐሙስ ባቱን አመመው። እሸው አለኝ። ቫዝሊን ቀብቼ ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሬ ወደ ላይ፣ ወደ ጉልበቱ አሸሁት። ዓይኑን ጨፍኖ "እጅህ ጥሩ ነው" አለኝ። ረጅም ጊዜ አሸሁት። እንዲህ ያበጠ እግር እንደማይታሽ አላውቅም ነበር። ያ ማሸት ምን እንዳደረገ ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ እንዳይነግሩኝ ነው።

አርብ ከጁምዓ በኋላ የልጅቷ አባት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ተቀምጧል። ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። አባትየው ጫማቸውን አውልቀው ገና ሰላምታ እየሰጡ ሳለ ወንድሜ የአልጋውን ጠርዝ ያዘ።

"አትነሳ!" አለ ቤቱ ሁሉ።

"በአላህ ይዤሃለሁ ልጄ፣ አትነሳ!" አሉ እሳቸውም እጃቸውን እየዘረጉ።

"ለእርስዎ ያልተነሳሁ ለማን ልነሳ ነው?" አለና ተነሳ።

ማንም አልደገፈውም። ዎከሩ ጓዳ ነው። ከአስር ቀን በላይ ሙሉ ቀን ተኝቶ የቆየ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ቁመቱን ረስቼው ነበር። የአባትየውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመ። ሴቶቹ "ወንድ!" አሉ። እናቴ አለቀሰች። እኔም፣ ምን ልበል፣ ኮራሁበት። ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ልክ ነበር ብዬ አሰብኩ።

የአባትየውን እጅ አልለቀቀም። ዞሮ ፈለገኝ፣ አገኘኝ።

"ምሁሩ፣ መስኮቱን ክፈተው።"

መስኮቱ ክፍት ነበር።

ከንፈሩ ሲጠቁር አየሁ። አባትየው ክብደቱ እጃቸው ላይ ሲወድቅባቸው ሊያቆሙት ሞከሩ፣ አብረው ወደቁ። ከዚያ ጩኸት ነው። አጎቴና እኔ ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ አስገባነው። ከቤታችን እስከ ሆስፒታሉ የፈጀብን ስድስት ደቂቃ ነው። ስድስት ደቂቃ። አስራ ሦስቱንም ቀን ያን ያህል ቅርብ ነበር።

እግሩ ውስጥ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባው ውስጥ ገባ አለ ሐኪሙ። ብዙ ሞከሩ። ሲስተሯን ያን ቀን አላየኋትም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርነው።

ለቅሶው ላይ ሰው አማሟቱን ያወራ ነበር። ታላቁን አክብሮ፣ ቆሞ፣ እጅ ስሞ ሞተ አሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ትንሽ ትጽናናለች። የተጻፈለት ነው ትላለች። አጎቴ ግን አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን "አስር ቀን ነበር አይደል ያለችው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ተነስቶ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዎከሩን ልመልስ ሄድኩ። ሲስተሯ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት እያለማመደች ነበር። ስታየኝ ሴትየዋን ወንበር ላይ አስቀመጠችና መጣች። ሰምታለች። ነፍስ ይማር አለችኝ። አዛውንቱ ገበሬ የት ደረሱ ብዬ ጠየቅኳት።

"ቤታቸው ገቡ። በእግራቸው ነው ከበር የወጡት። ልጃቸው እስከ መጨረሻው አልወሰዳቸውም፤ እዚህ ነበር የሚጠይቃቸው።"

ከጠረጴዛዋ መሳቢያ የወንድሜን ካርድ አወጣች። መጨረሻው ላይ ባዶ መስመር ነበር።

"ለመዝገቡ ነው" አለች። "ለሚቀጥለው ሰው እንድንማርበት። እብጠቱን መጀመሪያ ያያችሁት መቼ ነው?"

ዓይኗ ላይ ወቀሳ አልነበረም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ወቀሳ ስለሌለበት ይመስለኛል አፌ ውስጥ የነበረው ቀን የተለወጠው።

"አርብ" አልኳት። "በዚያው ቀን።"

"በድንገት ነው ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ። "እንግዲህ ልታደርገው የምትችለው አልነበረም።" ጻፈችው። ካርዱን መልሳ ወደ ሴትየዋ ሄደች።

ከግቢው ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ሽንኩርት የጫኑ መኪኖች ወደ አዲስ አበባ ይሄዱ ነበር። ተመልሼ ልነግራት አሰብኩ። አልተመለስኩም፤ ሌላም ጊዜ እስከ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው የሚማርበት ካርድ ላይ ውሸት አስጽፌያለሁ። ነገ አንድ ሌላ ወንድም ስለ ባት እብጠት ሲጠይቃት፣ አንዳንዴ በድንገት ይመጣል፣ ጊዜ አይሰጥም ትለዋለች፤ ከእኔ ሰምታ።

ጊዜ ይሰጣል። እኛን ሁለት ቀን ሙሉ ጠብቆናል። ረቡዕ ጠዋት ነበር፣ እግሩን ሳጥበው።